ማንም ሳይጠይቅ የገባ ዕዳ፦ የአንዲት የልደታ ነዋሪና የአንድ ክሬዲት ካርድ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት የሥራ ባልደረባችን ነው። ዕድሜዋ 34 ነው፤ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አስመጪ ድርጅት የሰነድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቷና ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች። ቤቱ የእናቷ ስለሆነ ኪራይ አትከፍልም። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጇ የሚገባው 17,400 ብር ነው። ከሰው የማትበደር፣ በቢሮው ውስጥ እንዲያውም በቁጥብነቷ የምትታወቅ ሴት ነች። እኔ የሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም የብድር ማመልከቻ ይዛ ስትመጣ የጠየቀችው 90,000 ብር ሲሆን፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ለቤተሰብ ጉዳይ" ብላ ጽፋ ነበር።

የቤተሰቡ ጉዳይ ሲፈታ የተገኘው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሟ ክሬዲት ካርድ (የራስን ገንዘብ ሳይሆን የባንክን ብድር የሚያወጡበት ካርድ) ላይ የተጠራቀመ 1,940 ዶላር ነው። በዚያ ወር በነበረው ምንዛሪ ወደ 232,800 ብር ይሆናል፤ የአሥራ ሦስት ወር ደመወዟ ማለት ነው። በካርዱ ግን በአጠቃላይ ያወጣችው 104,000 ብር ብቻ ነበር።

ስሟን አልጽፍም። ጽሑፉን አንብባ፣ ሁለት ቦታ ላይ አሳርማኝ ፈቅዳለች። እንዲጻፍ የፈለግሁት የሷን ዓይነት ጉዳይ በዚህ ከተማ ገና በብዛት ስለምናየው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክሬዲት ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ እየመጣ ነው፣ በስልክ የሚለቀቀው ብድር ደግሞ ከመጣ ሰንብቷል። ባሕርያቸው አንድ ነው።

ካርዱ እንዴት እጇ ገባ

ወንድሟ ለ2016 የገና በዓል አዲስ አበባ መጥቶ ሰነበተ። ሊመለስ ሲል በራሱ ሒሳብ ላይ በእህቱ ስም ያሠራውን ተጨማሪ ካርድ ከነሚስጥር ቁጥሩ ሰጣት። "ለክፉ ቀን ይሁንሽ፣ እኔን አትጠይቂኝ" አላት። የተናገረው በፍቅር ነው፤ እኔም በዚህ አልጠራጠርም። ከሥራ ሲወጣ እኩለ ሌሊት የሚሆን ሰው ነው፤ እህቱ ደውላ እስክታገኘው፣ እሱም ብር እስኪልክ ያለውን ጊዜ ማሳጠሩ ነበር። "አትጠይቂኝ" የምትለዋ ቃል ግን የጉዳዩ ሁሉ መነሻ ሆነች።

በነገራችን ላይ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ብድር የካርዱ የትውልድ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ላልጠየቁ ሰዎች በፖስታ ላከ። ካርዱ በኋላ ቪዛ የሚለውን ስም የያዘው ነው። ሰዉ ፖስታውን ሲከፍት ብድር ተፈቅዶለት አገኘ፤ ማመልከቻ አልጻፈ፣ ዋስ አልጠራ። ብዙ ዕዳ ሳይከፈል ቀረ፣ ማጭበርበርም በዛ። ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በአሜሪካ በሕግ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ እዚህ ስልካችን ላይ "ይህን ያህል ብር ብድር ተፈቅዶልዎታል" የሚለው መልእክት ሲገባ ያ ፖስታ ነው የሚታወሰኝ።

መጀመሪያ ካርዱ የወጣው መጋቢት 2016 ነው። እናቷ በአንድ ዓይናቸው የዓይን ሞራ ነበረባቸው። በመንግሥት ሆስፒታል፣ ዳግማዊ ምኒልክን በመሰለ የዓይን ሕክምና በሚታወቅበት ቦታ፣ ወረፋ ይዘው ቢሆን ኖሮ ወጪው አነስተኛ ነበር፤ ግን ወረፋው ወራት ይወስዳል። በግል ክሊኒክ ዋጋው 36,000 ብር ተባለ። የዓይን ሞራ አብዛኛውን ጊዜ የዛሬና የነገ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነግሯቸዋል። ቢሆንም እናቷ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ እየዳበሱ ነበርና ልጅየዋ መጠበቅ አልቻለችም። በዚህ ላይ የምፈርድባት የለኝም። ገንዘቡ ኪሷ ውስጥ ነበር።

የአራት ሺህ ብር ዋጋ

ሜክሲኮ አካባቢ ካለ ሆቴል በር ላይ ያለው ኤቲኤም ለውጭ ካርድ በአንድ ጊዜ የሚሰጣት 4,000 ብር ነበር። ለ36,000 ብር ዘጠኝ ጊዜ ማውጣት ነበረባት። በየጊዜው ማሽኑ ብሩን ቆጥሮ ሲሰጣት የምታየው ብር ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይም የተጻፈው ብር ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ የሚመዘገበው ግን ሌላ ነበር። ወንድሟ የካርዱን የሒሳብ መግለጫ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሲልክልን አብረን ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው። በዚያን ጊዜ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 4,000 ብር ወደ 70 ዶላር ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ዕቃ እንደመግዛት አይደለም፤ ራሱን የቻለ የጥሬ ገንዘብ ብድር ነው። የወንድሟ ካርድ ውል እንደሚለው በእያንዳንዱ ማውጣት ላይ ከገንዘቡ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይቆረጣል። የ70 ዶላር 5 በመቶ ሦስት ዶላር ተኩል ነው፤ ስለዚህ የተቆረጠው 10 ነው። በላዩ ላይ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ 3 በመቶ አለ። 70 ዶላር ለማውጣት 82 ዶላር ዕዳ ተጻፈ፤ ወለድ ገና ሳይጀምር።

ወለዱስ? በካርድ ዕቃ የገዛ ሰው የወሩን ዕዳ በቀነ ገደቡ ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ወለድ አይነካውም። ካርድን የሚያወድሱ ሰዎች የሚያነሡት ይህን ነው፤ እውነትም ነው። ጥሬ ገንዘብ ላይ ግን ያ የእፎይታ ጊዜ የለም። ወለዱ ካወጣህበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በዚህ ካርድ ላይ የጥሬ ገንዘብ ወለድ በዓመት 29.99 በመቶ ነበር።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ 26 ጊዜ አወጣች። ዘጠኙ ለዓይን ሕክምናው ነው። ስምንቱ ለፍሪጅ ሆነ፤ የነበረው ተበላሽቶ አዲስ በ32,000 ብር ገዛች። ሦስቱ የፋሲካ በዓል ወጪ፣ ሁለቱ የአጎቷ ልጅ ሰርግ። የቀሩት አራቱ፣ 16,000 ብር መሆኑ ነው፣ ለምን እንደዋለ ራሷም አታስታውሰውም። እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ዝም አለችና "ጋሼ፣ ያወጣሁት ብር ነው እንጂ ዶላሩንማ አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁትም" አለችኝ።

ሒሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ሆነ። የወጣው ገንዘብ 1,825 ዶላር ያህል። የ26ቱ ማውጣት ክፍያ 260 ዶላር። የውጭ ግብይቱ 55። እስከ ጥቅምት የተቆጠረው ወለድ 325 ገደማ። ወንድሟ ድምፁን ሳያሰማ በየወሩ ዝቅተኛውን ክፍያ እየከፈለ 525 ዶላር ከፍሏል። ይህ ሁሉ ተከፍሎም የቀረው 1,940 ነው፤ መጀመሪያ ከወጣው ገንዘብ ይበልጣል።

ዝቅተኛ ክፍያ የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አይገባውም። ካርዱ በየወሩ የሚጠይቀው በጣም ትንሹ ገንዘብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የወሩን ወለድና ከዋናው ዕዳ 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል። እሱን የከፈለ ሰው "ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው" ይላል፤ ስሙም አይጠፋም፣ ስልክ አይደወልበትም። ዕዳው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ወንድሟ ሁለት ሌሎች የራሱ ካርዶች አሉት፤ በሁለቱም የሚከፍለው ዝቅተኛውን ነው። ብቻውን አይደለም፤ የአሜሪካ ቤተሰቦች የክሬዲት ካርድ ዕዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር አልፏል፣ አማካይ ወለዱም ከ20 በመቶ በላይ ነው።

ሐምሌ 22

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ወደ 100 እና ከዚያ በላይ ወጣ፤ ጥቅምት ላይ 120 አካባቢ ደርሶ ነበር።

ውጭ ዘመድ ላለው ቤት ይህ የምሥራች መስሎ ነበር። ወንድሟ ለእናታቸው በየወሩ የሚልከው 120 ዶላር ከ6,840 ወደ 14,400 ብር ከፍ አለ። በገበያው ላይ ዋጋ ቢጨምርም ለሁለት ወር ያህል ቤቱ ውስጥ እፎይታ ነበር። ለዕዳው ግን በተቃራኒው ነው። 1,940 ዶላር በድሮው ምንዛሪ 110,580 ብር፣ ማለትም የስድስት ወር ተኩል ደመወዝ ነበር። በአዲሱ ከአሥራ ሦስት ወር በላይ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ሳትጨምር ዕዳዋ እጥፍ ሆነባት፤ ገቢዋ በብር ነው፣ ዕዳዋ በዶላር።

ከክሬዲት ካርድ ጋር በተያያዘ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የአሜሪካ ሰው ለአሜሪካ ሰው የሚጽፈው ነውና ይህን አደጋ አያነሣውም። እዚያ ደመወዙም ዕዳውም በአንድ ገንዘብ ነው። እኛ ዘንድ ውጭ ባለ ካርድ መበደር ማለት የምንዛሪውን አደጋ በሙሉ በራስ ላይ መውሰድ ነው። ዕቃ በዶላር የሚያስመጣ ነጋዴ እንኳ የሚፈራው ነገር ነው፤ እሷ በሰነድ ክፍል ተቀምጣ በየቀኑ የሌሎችን ኤልሲ (አስመጪ ለውጭ ሻጭ በባንክ በኩል የሚከፍልበትን የዋስትና ሰነድ) ስታዘጋጅ የምታየው ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ የራሷ የሆነው ግን ከኤቲኤሙ የወጣው ብር ስለነበር አልታያትም።

የተሸፈነው ቀዳዳ

ወንድሟ ጉዳዩን የነገራት መስከረም ላይ ነው። የሥራ ሰዓቱ ተቀንሶበት ገቢው ሲያንስ በአንድ ካርድ ላይ ቀነ ገደብ አሳለፈ፤ ያኔ ደወለ። እስከዚያ ድረስ ሰባት ወር ሙሉ እሱ መግለጫው ላይ ያን ሁሉ ማውጣት እያየ ዝም አለ። "የእማዬ ሕክምና እየረዘመ መስሎኝ ነበር፣ መጠየቅ ደግሞ ለገንዘብ የሳሳሁ ያስመስለኛል" ነው ያላት። እሷም በበኩሏ ስንት እንደሆነ አልጠየቀችውም። ይሉኝታ ሁለቱንም አፋቸውን ያዛቸው።

እሷ ደግሞ ከሰኔ በኋላ ካርዱን መንካት ትታ በስልክ ብድር ውስጥ ገብታ ነበር። ከሁለት አገልግሎቶች ትወስዳለች፤ ከአንዱ 5,000፣ ከሌላው 8,000። ለሠላሳ ቀን ነው። ከመጀመሪያው 300 ብር የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ተቀንሶ 4,700 ይገባላታል፤ በወሩ 5,000 ትመልሳለች። ወዲያው መልሳ ትወስዳለች። "300 ብር ምን አላት" ያለችው በየወሩ ነበር። በ4,700 ብር ላይ በወር 300 ብር ማለት 6.4 በመቶ ነው፤ በዓመት ሲሰላ 76 በመቶ ያልፋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። ተቋማት በሌላ ደንብ ይተዳደራሉ፤ ይሁንና ሕጉ ያን ጊዜ ስንት ፐርሰንት ላይ ድንበር እንዳሠመረ ማወቁ ዓይን ይከፍታል።

ደመወዝ በገባ ቀን ሁለቱ ብድሮች 13,000 ብር ይወስዱባታል፤ ከ17,400 ላይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያዛል። ለእሷ 5,800 ብር ገደማ ነው። ሕጉ ይህን ያስቀመጠው ሰው ከወር እስከ ወር የሚበላው እንዲተርፈው ብሎ ነው። ስልኳ ግን ደመወዟ ከገባ በኋላ የሚወስድ ስለሆነ ይህ ጥበቃ አይደርስላትም። በወሩ በሁለተኛው ቀን የቀራት 4,400 ብር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መልሳ ተበደረች።

በእነዚህ ወራት ሁሉ ለማን ተናገረች? ለማንም። ይህን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ለእናቷም፣ ለጓደኛዋም፣ ለማኅበሩም አልተናገረችም። መናገር የሚያስፈልጋት አንድም ጊዜ አልነበረም። የእኔ ፍርድ እዚህ ላይ ነው፦ ወለዱ ከባድ ነው፣ ምንዛሪውም ከባድ ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የጎዳት ለመበደር አንድም ሰው ፊት መቆም አለማስፈለጉ ነው። ሱቅ ዱቤ ስትወስድ ባለሱቁ ደብተር ላይ እየጻፈ "ባለፈው ወር ያለው አለ እኮ" ይልሃል። ከማኅበር ስትበደር ዋስ ትጠራለህ፤ ዋሱም ለምን እንደሆነ ይጠይቅሃል። ያ ጥያቄ ያሳፍራል። ለድሃ ደግሞ አንዳንዴ ያዋርዳል፤ ካርዱ ከዚያ ውርደት እንዳዳናት ራሷ ነግራኛለች፣ አምናታለሁ። ነገር ግን ፍሪጁን በ32,000 ብር ስትገዛ አንድ ሰው "ያገለገለ አትገዢም ወይ?" ቢላት ኖሮ አዲሱን ትገዛ ነበር? "አልገዛም ነበር" ብላለች፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳልተዋት ያሳሰበችኝም እሷው ነች።

ያደረግነው

የማኅበራችን ደንብ አባል ከቆጠበው እስከ ሦስት እጥፍ ይፈቅዳል። የእሷ ቁጠባ 31,000 ብር ነው፤ ስለዚህ የጠየቀችው 90,000 በደንቡ ይቻላል። ሐሳቧ ያንን ብር ወስዳ በሰው በኩል ዶላር ገዝታ ለወንድሟ ለመላክ ነበር። ኮሚቴው አልተቀበለውም። አንደኛ፣ በጥቁር ገበያ ነው፣ ሕገ ወጥ ነው። ሁለተኛ፣ ከባንኩ በሚበልጥ ዋጋ ስለሚገዛ 90,000 ብሩ ከዕዳው ግማሹን እንኳ አይሸፍንም፤ እሷ ግን ለሦስት ዓመት የማኅበር ባለዕዳ ትሆናለች። ከአባላቱ አንዱ "ታዲያ ባዶ እጇን እንስደዳት?" ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ ረጅም ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከእናትየው ነው። ልጅየዋ እስከዚያ ድረስ አልነገረቻቸውም ነበር፤ ኮሚቴው ከቤተሰብ ጋር ሳትመክር እንደማይወስን ስለገለጸ ሄዳ ነገረቻቸው። እማማ መጀመሪያ ተቆጡ። "የኔን ዓይን በዕዳ ነው ያበራችሁት? ብጠብቅ ምን እሆን ነበር?" አሏት። ሲረጋጉ ግን ማንኛችንም ያላሰብነውን አሉ፦ "ለእኔ የሚልከውን አይላክልኝ፤ እዚያው ለዕዳው ይክፈለው። እኔን አንቺ አብይኝ።"

ዶላሩ ከዶላር አገር ሳይወጣ ዕዳውን ይክፈል ማለት ነው። ጥቁር ገበያም፣ ምንዛሪም፣ የመላኪያ ክፍያም ቀረ። ለእናት ይላክ የነበረው 120 ዶላር ላይ ወንድሟ 80 ጨምሮ በየወሩ 200 ዶላር በዚያ ካርድ ላይ ለመክፈል ተስማማ። በ29.99 በመቶ ወለድ 1,940 ዶላር በዚህ አከፋፈል በአሥራ ሁለተኛው ወር ያልቃል። በዝቅተኛ ክፍያ ቢሆን ልጇ ትምህርት ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ ድረስ የሚጎተት ዕዳ ነበር። የእህቱን ካርድም በዚያው ሳምንት ከሒሳቡ አሰረዘው።

ማኅበሩ ያበደራት 24,000 ብር ነው። 13,000ው ሁለቱን የስልክ ብድሮች ዘጋ፤ 4,300ው የሱቅ ዱቤ፤ 6,700ው የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ። ወለዱ በዓመት 11 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ እየተሰላ፤ በወር የምትከፍለው 2,120 ብር ገደማ ነው። የዓመቱ ወለድ ተደምሮ 1,450 ብር አካባቢ ይሆናል። ከአንደኛው የስልክ ብድር ብቻ በዓመት 3,600 ብር ታወጣ እንደነበር አስቡት፤ እሱም ለ5,000 ብር ነው።

ከባዱ ዓመት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ለእናቷ ወጪ 7,000፣ ለማኅበሩ 2,120 ሲወጣ 8,280 ብር ይቀራታል፤ ከዚያ ውስጥ የልጁ ትምህርት፣ ታክሲ፣ የቤቱ ቀለብ። አልበቃም። ቢበቃ ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። ከጥር ጀምሮ እማማ በርበሬ ማዘጋጀት ጀመሩ። ዛላውን ከመርካቶ ያስመጣሉ፤ ኮሙናሉ (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት) ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ጸሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብሉ ጋር ደልዘው፣ ዳግም አድርቀው፣ ቅመሙን ጨምረው ያስፈጫሉ። መጀመሪያ የገዙት የሕንፃው ሰዎች ናቸው፤ ቀጥሎ የኛ ቢሮ ሴቶች። እኔም ቤት ገብቷል፤ ድልዙ በደንብ የደረሰ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅየዋ አብራ ትቀነጥሳለች። በጥሩ ወር እስከ 3,000 ብር ትርፍ ይገኝበታል፤ በጾም መግቢያ ሰሞን ይበልጣል።

ዕቁብና ዕድር ሲነሳ

ይህን ጉዳይ ለሰው ስናገር ብዙዎች "ድሮስ ዕቁብ እያለን ካርድ ምን ያደርግልናል?" ይሉኛል። እኔም የዕቁብ ሰው ነኝ፤ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ዕድሩ ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ የእማማን ዓይን አይከፍልም። ዕቁብ ደግሞ ዕጣው እስኪወጣ ይጠበቃል። ችግር የገጠመው ሰው ዳኛውን አስፈቅዶ ዕጣ ይለምናል ወይም ይገዛል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ያገኘው ብር መጀመሪያ ከደረሰው ሰው ያንሳል፤ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የሚገዛው አንድ አይደለም። ጥሎ የሚጠፋም አለ፣ ለዚህም ነው ዋስ የሚያዘው።

እሷ ታኅሣሥ ላይ የሕንፃቸው ዕቁብ ውስጥ በሳምንት 250 ብር ገባች። ለዚህ ዓመት የጠቀማት ገንዘቡ አይመስለኝም። እሁድ ከሰዓት ሃያ ሰው ፊት ይከፈላል፤ አንድ ሳምንት ሲያቅታት "አልሞላልኝም" ብላ መናገር ነበረባት፤ ተናገረችም፤ ጸሐፊዋ ሞልታላት በሳምንቱ መለሰች። ከአንድ ዓመት በፊት እንዲህ ብላ መናገር የማትችል ሴት ነበረች።

ጉዳዩ አሁን የደረሰበት

የካርዱ ዕዳ ጥቅምት 2018 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። የመጨረሻውን የሒሳብ መግለጫ ወንድሟ ፎቶ አንስቶ ልኳል። በጠቅላላ፣ መጀመሪያ የከፈለውን 525 ጨምሮ፣ ለ1,825 ዶላር ወደ 2,770 ዶላር ተከፍሏል። የማኅበሩ ብድርም በዚያው ወር አለቀ። የስልክ ብድሮቹን ካቆመች ወዲህ አልተመለሰችም፤ አንደኛው አገልግሎት አሁንም የተፈቀደላትን መጠን ከፍ እያደረገ መልእክት ይልክላታል።

ሁሉም አልተስተካከለም። ወንድሟ የራሱን ሁለት ካርዶች አልተወም። ሥራው እዚያ ነው፣ ቤት ሲከራይም የብድር ታሪኩን ይጠይቁታል፤ ያለ ካርድ መኖር እዚያ ከእኛ ይከብዳል። አንዱን ግን ከዝቅተኛው በላይ መክፈል ጀምሯል። ለእናቱ የሚልከውን እንደገና ቀጥሏል፤ አሁን ግን ከመላኩ በፊት ለምን ለምን እንደሚውል ከእህቱ ጋር ይነጋገራሉ፤ አንዳንዴም ይጣላሉ። ሁለተኛው የእማማ ዓይንም ሞራ አለበት። በመንግሥት ሆስፒታል ተመዝግበው ወረፋ ይዘዋል።

እኛም ዘንድ የተለወጠ ነገር አለ። ያን መጋቢት ወደ ማኅበሩ ለምን እንዳልመጣች ስንጠይቃት "የእናንተ ብድር አርባ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ሁለት ዋስም ይፈልጋል" ነበር መልሷ። ልክ ነች። ማመልከቻው ወር ጠብቆ ነበር የሚታየው። ጠቅላላ ጉባኤው በ2017 መጨረሻ ለሕክምና ብቻ የሚውል አስቸኳይ ብድር አጽድቋል፤ ጣሪያው 40,000 ብር፣ ዋሱ አንድ፣ መልሱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ። የሐኪም ወረቀት ይያያዛል፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ይከፈላል። እስካሁን አምስት አባላት ተጠቅመውበታል። አንዱን ዋስም እናንሣው የሚል ሐሳብ ከወጣት አባላት ቀርቦ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተቀጥሯል። እኔ እቃወማለሁ፤ እሷ ግን ዋሱ እንዲነሣ ድምጿን እንደምትሰጥ ነግራኛለች፤ ምክንያቷም ዋስ የሚሆነው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም የሚል ነው።